የኦቦ ቱፋን መኪና የገዛሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰላማዊት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ሺህ ምናምን ይላል። ከሥሩ፣ «አክስቴ፣ ከፍ ያለች የመስክ መኪና ናት፤ መልኳ ያምራል። ግን ይህን ሁሉ ሄዳለች። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጽፋለች። ሰላማዊት ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ባሏ ደግሞ በሶደሬ በኩል ፓፓያ ማልማት ጀምሯል፤ ወደ ማሳው የሚያስገባው መንገድ ክረምት ሲሆን ትንሽ መኪና ይውጣል። እንዲህ ያለ መኪና ያስፈልጋቸዋል።

ቶሎ አልመለስኩላትም። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጋቢት ነው፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ በአጥሩ ላይ ያሻግራል፤ ሻዬ ላይም ሳይበን አልቀረም። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያን ቁጥር ሳየው ሳቄ መጣ። እኔ የገዛኋት መኪና ከዚህ በላይ ሄዳ ነበር። ምን ያህል እንደ ሄደች እስከ ዛሬ ድረስ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከመንግሥት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥራዬን ለቅቄ፣ እዚሁ ከተማ፣ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት በምንላት አዳማ፣ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ደንበኞቼ ግን ብዙዎቹ ናዝሬት አልነበሩም። ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ፣ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ድረስ ላም፣ ፍየልና ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ጋ የምደርሰው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው። የዶሮ ክትባት በበረዶ የተሞላ አይስ ቦክስ ውስጥ አድርጌ፣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ሞጆ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና እይዛለሁ። ክትባት ሙቀት ከነካው ውኃ ነው። ይህን ለአውቶቡሱ ረዳት ብነግረውም ለሱ ሣጥን ሣጥን ነው።

አንድ ዓመት የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ አዳሚ ቱሉ አካባቢ ላሉ ዶሮ አርቢ ሴቶች የፈንግል ክትባት ላደርስ ቃል ገባሁ። ፈንግል የገባበት ግቢ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ዶሮ አይቀርም። ያን ዕለት ሞጆ ላይ መኪና አጥቼ ግማሽ ቀን ቆምኩ። በኋላ ያገኘሁት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ሣጥኔን ከእጄ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ቆቃን አልፈን ጎማ ፈነዳ። አዳሚ ቱሉ ደርሼ ክዳኑን ስከፍት በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኗል። ሴቶቹ ዶሮዎቻቸውን በቅርጫትና በጆንያ ይዘው ግራር ሥር ተሰብስበው ይጠብቁኝ ነበር። የተበላሸ ክትባት መስጠት ስለማልችል እፊታቸው መሬት ላይ ደፋሁት። በሳምንቱ አዲስ ይዤ ስመለስ ፈንግል ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

ከሴቶቹ ትልቋ አዴ ሙሚና ይባላሉ። ሠላሳ ሁለት ዶሮ ቀብረዋል። አልጮሁብኝም። «ልጄ፣ አንቺ ውሸታም አይደለሽም» አሉኝ፤ «ግን ቃልሽ የሚሄደው በሰው መኪና ነው።»

ያን ቀን ወደ ናዝሬት ስመለስ መቂ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ቲማቲምና ሀብሀብ ሊገዛ ወረደ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። መኪና መግዛት እንዳለብኝ የወሰንኩት እዚያው ነው። የቀረው የትኛውን የሚለው ነበር።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ሾፌር ነበሩ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ለማሳ በሚያልፈው የአፈር መንገድ ላይ። ያኔ መሪ የምትይዝ ሴት ብርቅ ነበረች፤ እሳቸው ግን ስለ ሴትነቴ አንድም ቀን አላነሡም፤ የሚቆጡኝ ፍሪሲዮን ላይ እግሬን ሳሳርፍ ብቻ ነበር።

የመኪናውን ሐሳብ ስነግራቸው፣ «መልካም ነው። ያረጀ ግን እንዳትገዢ» አሉ። «ያረጀ ብረት ቀን ጠብቆ ይከዳል።»

ይህን የሚሉት በወሬ አልነበረም። ወጣት ሳሉ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው፣ ገደል ከመግባት ብለው መኪናውን ከተራራው ጋር አጋጭተው ነው ያቆሙት። አብሯቸው የነበረው የሥራ ባልደረባቸው ዕድሜ ልኩን አንድ እግሩን እየጎተተ ኖረ። አባቴ ስለዚያ ቀን በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ሲያወሩ የሰማኋቸው።

ሁለት መኪና ተገኘ። አንዷን ያመጣው ጌታነህ የሚባል የናዝሬት ደላላ ነው። ሰማያዊ ናት፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ቆጣሪዋ ዘጠና ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። «የአንድ ሽማግሌ መኪና ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ ነው የሚያስነሷት» አለን ጌታነህ። ሁለተኛዋ ዝዋይ ነበረች፤ ያኔ ባቱ የሚላት ብዙም አልነበረም። ነጭ ነበረች፤ ማለቴ አንድ ጊዜ ነጭ ነበረች። ቆጣሪዋ አራት መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ይላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት የመስክ መኪናዎች ናቸው፤ የትኛዋንም ብገዛ በእጄ ያለው ሁሉ ያልቃል። ተሳስቼ ሌላ የምሞክርበት ዕድል አልነበረኝም።

የዝዋይዋን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። አባቴ ቁጥሩን ሲሰሙ፣ «ለሱ የአውቶቡስ አላባክንም» ብለው ቀሩ።

የመኪናዋ ባለቤት ኦቦ ቱፋ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ከመናገራቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩ። አንድ የልማት ፕሮጀክት ውስጥ ሾፌር ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት ይህችኑ አንዲት መኪና ነድተዋል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለአገልግሎታቸው ብሎ ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ ሸጠው፣ ሐይቁ ዳር ባለችው መሬታቸው ላይ ሽንኩርት የሚያጠጡበት ፓምፕ ሊገዙ ነው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ቁጥሩን አየሽው?»

«አየሁት። አራት መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ።»

«እሱ ውሸት ነው።»

ከዚያ ያነሰ ነው ሊሉኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«የቆጣሪው ሽቦ ተበጥሶ ነበር» አሉ። «ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ዓመት ያለ ቆጣሪ ነዳኋት። አምስት መቶ ሺህ ሳታልፍ አትቀርም። ልኩን ግን እኔም አላውቀውም።»

«ለምን ነገሩኝ? እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለኋ» አሉ።

ኮፈኑን ከፍተው አሳዩኝ። ሞተሩ ላይ ዘይት ያረጠበው ቦታ ነበር፤ አላጠቡትም። ታጥቦ ቢሆን ከየት እንደሚያፈስ አላይም ነበርና እንዲሁ መተዋቸውን ወደድኩት። በሺህ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ዘይት እንደምትጠጣ፣ የኋላው የግራ በር ከውስጥ እንደማይከፈት፣ ካምቢዮዋ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንደሚያጉረመርምና ከዓመት በላይ እንደማይቆይ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝና እሳቸው በተሳፋሪ ወንበር ተቀመጡ።

አዳሚ ቱሉን አልፌ ከአስፋልቱ ወጣሁ። ድንጋያማውን መንገድ፣ ደረቁን ወንዝ፣ አሸዋውን አንድ በአንድ ሄድኩባት። መሪዋ ከእጄ ጋር ተስማማ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳሉትም ካምቢዮው አጉረመረመ። ጆሮዬን አቅንቼ የነገሩኝን ሁሉ አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ ሁሉም ነበረ። ያልነገሩኝን አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ተመልሰን ዝዋይ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን። እኔ ልክፈል ብል እምቢ አሉ፤ ትልልቆቹ የሐይቅ ወፎች አጥንቱን ለመልቀም እግራችን ሥር ድረስ ይመጡ ነበር።

ማታ ለአባቴ የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ባለቤቷ ራሱ ልኩን የማያውቀው መኪና! ሰማያዊዋን ነው የምትገዢው። ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ወደሷ አዘንብዬ ነበር። ቁጥር ቁጥር ነው፤ ዘጠና ስምንት ሺህና አምስት መቶ ሺህ የሚነጻጸር አይደለም። ገና ወጣት ስለነበርኩም የሚያብረቀርቅ መኪና ይዤ ሰፈር መግባቱ አላስጠላኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ጌታነህ ሰማያዊዋን አጥቦ ይዞ ቀረበ። አባቴ ዞሯት። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። ሞተሩን አስነሥተው ጭሱን አዩ። ሁሉም ደህና ነበር። ውሉን ልንፈርም ስንል ከመሪው ኋላ ተቀምጠው እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አሳረፉና ደጋግመው ረገጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የፍሬን መርገጫውን ጎማ በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡት። ጎማው አዲስ ነበር። ከሥሩ ያለው ብረት ግን በአንድ ወገን ተበልቶ፣ ሳስቶ፣ ያብረቀርቃል።

«ና እስቲ፣ ጌታነህ» አሉ። «ይህን ብረት ምን በላው?»

ጌታነህ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጎማው ካለቀ በኋላ ለዓመታት የረገጠው ጫማ ነው የበላው። ይህች መኪና ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልሄደችም። ቆጣሪዋን ወደ ኋላ መልሰውታል።»

«አባት፣ እኔ የነገሩኝን ነው የነገርኳችሁ። በልጆቼ!» አለ ጌታነህ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሻጩን ጠይቄ እመጣለሁ ብሎ መኪናዋን ይዞ ሄደ፤ ስለሷም ዳግመኛ አላነሣልንም።

አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ቀድመውኝ ተራመዱ። ሊያስገዙኝ የነበሩት እሳቸው ስለሆኑ አፍረዋል። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ያ የዝዋዩ ሰውዬ ነገ ቤቱ ይኖራል?» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄድን። ሁለቱ ሾፌሮች ሰላምታ ተለዋውጠው፣ የጤናና የቤተሰብ ጥያቄ ሳይጨርሱ ኮፈኑ ሥር ገቡ። አባቴ መርገጫውን አዩ፤ ጎማው አልቋል፣ ብረቱም ተበልቷል፣ ማንም አልሸፈነውም። ከዚያ ራሳቸው ነድተው እስከ አዳሚ ቱሉ ደርሰው ተመለሱ። ሲወርዱ ለብቻዬ በሩ ላይ ወዳለ ግራር ጥላ ጠሩኝ።

«ሰውዬው ጨዋ ነው» አሉ። «መኪናዋ ግን ደክማለች። ሌባ አለመሆን ሞተር አይሆንም፣ ልጄ። ተይው፤ ሌላ እንፈልጋለን።»

እዚህ ላይ ነው የኔ ውሳኔ የመጣው። አባቴ የተናገሩት ትክክል ነበር፤ በጨዋነት ናፍታ አይቃጠልም። ነገር ግን ሁለቱን መኪና ካየን በኋላ እኔ የተረዳሁት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በኔ አቅም የሚገዛ መኪና ሁሉ ያረጀ ነበር። ልዩነቱ የአንዷን ሕመም ማወቄ፣ የሌሎቹን አለማወቄ ብቻ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚፈሩት ያረጀ መኪና ነው» አልኳቸው። «እኔ የምፈራው የማላውቀውን ነው። ይህችን አውቃታለሁ።»

አባቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ኦቦ ቱፋ ጋ ሄድኩና ዋጋ እንዲቀንሱልኝ እንደማልጠይቅ ነገርኳቸው። የምጠይቀው ሌላ ነበር፤ የሚያጉረመርመው ካምቢዮ አሁኑኑ ይውረድ፣ በደህና ይተካ፣ ሲተካም ቆሜ ልይ። ከዚያም አንድ ሳምንት አጠገቤ ተቀምጠው በገበያዎቼ ሁሉ ይዙሩልኝ።

ወደ መሬት አዩ። «ሻሸመኔ የተጋጨች አንዲት አለች፤ ካምቢዮዋ ደህና ነው» አሉ። «አመጣዋለሁ። ጋሪ ዳ፤ ጥሩ ነው።» እጃቸውን ዘረጉልኝ።

አባቴ ከግራሩ ሥር ያዩን ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወደኛ መጡና ኮታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ክሪክ አምጡ» አሉ። «ፍሬኗን እኔ ነኝ የማየው። ሌላ ሰው እንዳይነካው።» የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱንም ጎማ አውርደው፣ መሬት ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ፍሬኑን ቁራጭ በቁራጭ ሲፈትሹ ዋሉ። በሳምንቱ ከናዝሬት አዲስ የፍሬን ሸራ ገዝተው ተመልሰው በገዛ እጃቸው ገጠሙት። ፊታቸው በአቧራና በቅባት ተለውሶ ከመኪናዋ ሥር ሲወጡ ስለ ጣርማ በር ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ጊዜ አወሩልኝ።

መኪናዋ ካምቢዮዋ ተቀይሮ እጄ እንደ ገባች መጀመሪያ የሄድኩት አዳሚ ቱሉ ነው። ኦቦ ቱፋ አጠገቤ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ፀሐይ ሳትበረታ ደረስኩ። ያን ዕለት ከሠላሳ የማያንሱ ሴቶች መጥተዋል፤ ዶሮ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። እውነት መሆኑን ሊያዩ ነው የመጡት። አዴ ሙሚና ቀረብ አሉና የሣጥኑን ክዳን ራሳቸው ከፈቱት። እጃቸውን እስከ አንጓቸው በረዶው ውስጥ ከተቱ። አላወጡትም። ብርዱ ሲያንገበግባቸው ፊታቸው ተኮማተረ፤ ያን ጊዜ አውጥተው፣ የቀላውን እጃቸውን ከፍ አድርገው ለሴቶቹ አሳዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ሴቶቹ እየሳቁ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ብዙም ሳይቆይ ቅርጫቱና ጆንያው መጣ። የዚያን ቀን ጠብታ በዶሮ ዓይን ውስጥ ሳንጠባጥብ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ሠራሁ፤ ኦቦ ቱፋም ዶሮ እየያዙ አቀበሉኝ። በዚያ የዝናብ ወቅት ፈንግል መቂንና ቡልቡላን ሲፈጅ በነአዴ ሙሚና ግቢዎች ዶሮ ሲጮህ ነበር።

መኪናዋ አልተበላሸችም ብዬ አልዋሽም። በገዛኋት በሰባተኛው ወር፣ ማንም ያልጠረጠረው የናፍታ ፓምፕ ቡልቡላ አጠገብ አቆመኝ፤ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ኦቦ ቱፋ መልእክቴ ሲደርሳቸው በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። ተናድጄ ነበር። «ይህን አልነገሩኝም» አልኳቸው። «ይህን አላወቅሁም» አሉኝና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አመንኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት ነዳኋት። አባቴ እስከ መጨረሻው አብረውኝ ሲሳፈሩ ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ አጥብቀው ይረግጡ ነበር፤ ትክክል ነበርሽ ብለውኝ ግን አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ከግራሩ ሥር ደፋር ያደረገኝ ስለ መኪና ብዙ ማወቄ አልነበረም። የምፈራውን ነገር ለይቼ ማወቄ ነው። ሰው ወጣትነቱን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ በተሳሳተበት ነገር ነው፤ እኔ ግን ስለዚህኛው ምንም አልጸጸትም።

ሻዬ ሲቀዘቅዝ ለሰላማዊት ደወልኩላት።

«ቁጥሩን ተይው» አልኳት። «ሻጩ ስለ መኪናዋ ምን አለሽ?»

«በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ አክስቴ። ምንም ችግር የለባትም አለኝ። አንድም።»

«ይህን ሁሉ ሄዳ?»

«አንድም አለ።»

«እንግዲያው አትግዣት» አልኳት። «ወይ አያውቃትም፣ ወይ አንቺን አላከበረሽም። ችግሯን ቆጥሮ የሚነግርሽ ሰው እስክታገኚ ፈልጊ፤ ያን ጊዜ ደውይልኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሰላማዊት፣ «እንዲህ ያለ ሻጭ ደግሞ የት ይገኛል?» ብላ ሳቀች።

«ይገኛል» አልኳት።